የሰፈር ልጆች ያቆሙት ክለብ

ከመርካቶ ወደ ምዕራብ ወጥቶ በኮልፌ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ 18 ማዞሪያ ከሚባለው ስፍራ ሲደርስ፥ ዕለቱም እሑድ ከሆነ፥ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ቢመለከት ኳስ የሚያሳድዱ ልጆች ማየቱ አይቀርም። ሜዳቸው በአጥርና በአጥር መካከል የተረፈች ባዶ ቦታ ናት፤ የጎሉ ምሰሶ ሁለት ድንጋይ ነው፤ ማሊያ የሌለው ወገን ሸሚዙን አውልቆ ይጫወታል። ኳሲቱ በአጥር ላይ ዘላ ከሰው ግቢ የገባች እንደ ሆነ ጨዋታው ይቆማል፤ ከመካከላቸው ደፋሩ ሄዶ በር ያንኳኳል፤ ባለቤቶቹ ተቈጥተውም ቢሆን ኳሲቱን እስኪመልሱለት ድረስ ሌሎቹ በዝምታ ይጠብቃሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጠው ልጅ ደብተሩን አውጥቶ የመዋጮውን ሒሳብ ይጽፋል። ማን እንደ ከፈለ፥ ማን እንደ ቀረበት፥ አዲስ ኳስ ለመግዛት ስንት ብር እንደ ጎደለ ሁሉ በዚያች ደብተር ላይ ይገኛል።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነው ተብሎ የሚታለፍ ይመስላል። ይሁን እንጂ ያች ደብተር የአንድ ማኅበር መዝገብ ናት፤ በዓለም ላይ ስማቸው የገነነ አያሌ ክለቦችም የተጀመሩት እንዲህ ባለ መዋጮ ነው። ስለዚህ ይህን ያየ ሰው አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይገባዋል። የሰፈር ቡድን አድጎ ክለብ እንዲሆን፥ ክለብ ከሆነም በኋላ ሳይፈርስ እንዲኖር የሚያስፈልገው ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ በአገራችን ታሪክ የሚገኘውን የተሟላ መልስ ለማግኘት ከኮልፌ ወደ አራዳ፥ ከዛሬም ወደ 1928 ዓ.ም. መመለስ ግድ ነው። ምክንያቱም በዚያን ዘመን በአራዳ የተሰበሰቡ ጥቂት ወጣቶች ያቆሙት የሰፈር ቡድን ዛሬ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ ተብሎ የሚጠራው ነው። ስለዚህ ክለብ ሲነገር የሚሰማው ብዙውን ጊዜ የዋንጫው ብዛት ነው፤ ታላቅነቱ ዐይን ስለሚሞላ ታናሽ የነበረበት ዘመን ተረስቶአል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን የታናሽነት ዘመንና በዚያ ዘመን የደረሰበትን ፈተና ለአንባቢ ማሳሰብ ነው።

፩. አነሣሡ

አራዳ በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ እምብርት ነበረ። ገበያው፥ የውጭ አገር ነጋዴዎች ሱቅ፥ ቡና ቤቱ፥ የወሬው መገናኛ ሁሉ በዚያ ነው። ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ለዐድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። የአራዳ ልጅ ከግሪኩና ከአርመኑ ልጅ ጋር በአንድ መንገድ ያድጋል፤ የሰውን ቋንቋ ከሰውዬው፥ የሰውንም ጨዋታ ከጨዋታው ይማራል። የእግር ኳስም ወደ አዲስ አበባ የገባው በእንዲህ ያለ ጉርብትናና በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና እ.ኤ.አ. በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ያፈሯቸው ወጣቶች ፊደሉንና ኳሱን አንድነት አወቁ።

በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ጓደኞቻቸውን አስተባብረው ቡድን አቆሙ። ገንዘቡ የራሳቸው መዋጮ ነበረ፤ ከጀርባቸው የቆመ መሥሪያ ቤት ወይም ባለጸጋ አልነበረም። ለቡድናቸውም የሰፈራቸውን ታቦት ስም ሰጡት። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንደሚባለው ይህ ስም ከሰፈር መጠሪያነት ያለፈ ትርጉም ነበረው። የዐድዋ ጦርነት የተደረገው በየካቲት 23 ቀን፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ዕለት እንደ ሆነ የማያውቅ የአራዳ ሰው አልነበረምና።

ዘመኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የኢጣልያ ጦር ወሰን ጥሶ የገባው በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ቡድኑ በቆመበት በታኅሣሥ ወር በሰሜን ጦርነቱ ተፋፍሞ ነበረ፤ አገሬው ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ጦር ሜዳ ይተም ነበረ። ጠላት አዲስ አበባ የገባው በሚያዝያ 27 ቀን ስለ ሆነ፥ ክለቡ በነጻነት የኖረበት የመጀመሪያ ዘመን ከ5 ወር አልበለጠም። እንግዲህ ገና ሥር ሳይሰድ ዐውሎ ነፋስ የመታው ችግኝ ነበረ ማለት ነው።

፪. በወረራው ዘመን

ጠላት ከተማውን እንደ ያዘ በመኖሪያ፥ በመንገድና በመዝናኛ ሁሉ ነጩን ከጥቁሩ የመለየት ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የወጡት የዘር ሕጎች ይህን ልዩነት በአዋጅ አጸኑት። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የተጀመረው ጭፍጨፋ ደግሞ የከተማውን ሕዝብ፥ ይልቁንም የተማረውን ወጣት፥ ምን ያህል እንደ ፈጀ የታወቀ ነው። ኳስ ተጫዋች የነበረው ትውልድ የዚሁ ሐዘን ባለቤት ነበረ።

የእግር ኳስም ከዚህ መለያየት አላመለጠም። ኢትዮጵያውያን ከኢጣልያውያን ጋር በአንድ ሜዳ እንዲገናኙ አይፈቀድም ነበር፤ የአገሬው ተወላጆች ቡድኖች ለብቻቸው ተለይተው በገዢዎቹ ቁጥጥር ሥር እንዲጫወቱ ተደረገ። የቅዱስ ጊዮርጊስም ስም ተሽሮ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ሊቶሪዮ ማለት የጥንት ሮማ ሹማምንት በፊታቸው ከሚያስይዙት የበትር ነዶ የመጣና ፋሽስቶች ለምልክታቸው የወሰዱት ቃል ነው። እንግዲህ የዐድዋን መታሰቢያ የያዘ ስም ከልጆቹ ደረት ላይ ተነሥቶ የድል አድራጊ ነኝ ባዩ ምልክት ተለጠፈበት።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ገዢው የለወጠው ስሙን ነው፤ ተጫዋቾቹን መለወጥ አልቻለም። ውቤ ሰፈር ቢባልም ያው የአራዳ ጎረቤት ነው፤ ሊመለከታቸው የሚመጣውም ያው ሕዝብ ነበረ። በአፉ ሊቶሪዮ እያለ በልቡ ጊዮርጊስ የሚል ተመልካች በሜዳው ዳር ቆሞ ነበረና፥ ክለቡ ስሙን ባጣበት በ5 ዓመት ውስጥ ባለቤቱን አላጣም።

፫. አምስት ቡድኖች

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ክለቡም ስሙን መለሰ። እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ተደረገ። የተወዳደሩት 5 ቡድኖች ናቸው። የአርመኖቹ አራራት፥ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፥ የኢጣልያውያኑ ፎርቲቱዶ፥ የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድንና ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበሩ።

አንባቢ ይህን ዝርዝር ቆም ብሎ ቢመለከተው የዚያን ዘመን አዲስ አበባን በአንድ ገጽ ያያታል። በዋና ከተማችን ከተወዳደሩት ከ5ቱ ቡድኖች መካከል የአገሬው ልጆች ቡድን አንድ ብቻ ነበረ። ዋንጫውንም የወሰደው የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን ነው። ሆኖም ትናንት ከነጭ ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይቆም የተከለከለ የሰፈር ቡድን ዛሬ ከ4 የውጭ አገር ሰዎች ቡድኖች ጋር በአንድ ሕግና በአንድ ዳኛ ፊት እኩል መቆሙ ራሱ ከዋንጫ የሚበልጥ ነገር ነበረ።

የዚህ ዘመን ታሪክ ሲነሣ አቶ ይድነቃቸው ተሰማን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በ1914 ዓ.ም. በጅማ የተወለዱት አቶ ይድነቃቸው፥ ድምፃቸው በሸክላ በመቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲማሩ ገና በወጣትነታቸው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ገብተው እ.ኤ.አ. እስከ 1958 ድረስ፥ ወደ 23 ዓመት ያህል፥ ለአንድ ክለብ ብቻ ተጫወቱ። ጫማቸውን ሳይሰቅሉም የእግር ኳስን ሕግጋት ወደ አማርኛ በመመለስና ፌዴሬሽኑን በማደራጀት ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ ዐረፉበት እስከ 1987 ድረስም ፕሬዚዳንቱ ሆነው አገለገሉ። የአህጉሩ እግር ኳስ መሪ የተገኘው በመዋጮ ከቆመ ከሰፈር ቡድን ነው።

፬. የእንጀራ ነገር

ከነጻነት በኋላ ያለው ዘመን ለክለቡ ሌላ ዓይነት ፈተና ይዞ መጣ። ይህ ፈተና እንደ ወረራው በጠመንጃ የመጣ ስላልሆነ ስሙን ለመጥራት ያስቸግራል፤ በቀላል ቃል የእንጀራ ነገር ብንለው እንስማማለን።

የዚያ ዘመን ተጫዋች በሙያው ሙሉ ደመወዝ የሚቈረጥለት ሰው አልነበረም። ተማሪ፥ ጸሐፊ፥ ነጂ፥ የእጅ ሥራ ሠራተኛ ነበረ፤ ከሥራው ሲወጣ ልምምድ ያደርጋል፤ እሑድ ይጫወታል፤ ሰኞ ጧት እግሩ ያበጠም እንደ ሆነ ወደ ሥራው ይመለሳል። ስለዚህ ሁለት ክለቦች አንድን ጥሩ ተጫዋች ቢፈልጉ አንደኛው ቋሚ ሥራ፥ ሁለተኛው ፍቅር ብቻ የሚሰጠው ከሆነ፥ ተጫዋቹ፥ ይልቁንም እናት አባት የሚጦር ከሆነ፥ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያስቸግርም።

ይህ ችግር በእኛ አገር የተጀመረ አይደለም። የእግር ኳስ ሕግ በተጻፈባት በእንግሊዝ አገር እንኳ ጨዋታው በመጀመሪያ በትርፍ ጊዜያቸው የሚጫወቱ የባለጸጎች ልጆች ይዞታ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1883 ብላክበርን ኦሊምፒክ የተባለው የፋብሪካ ከተማ ቡድን፥ ሸማኔና ብረት ሠራተኛ ይዞ፥ የታላቁን የኢተን ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች በዋንጫ ጨዋታ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ለሠራተኛው ተጫዋች ገንዘብ ይከፈለው ወይስ አይከፈለው የሚለው ክርክር ጸንቶ፥ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1885 ክፍያውን በሕግ ፈቀደ። በእኛ አገር ግን ክርክሩ በዐደባባይ አልተደረገም፤ ክፍያው በመሥሪያ ቤት ቅጥር መልክ ገባ። ጦሩ ለተጫዋቹ ማዕረግና ቀለብ፥ ፋብሪካው ደግሞ የሥራ ቦታና ደመወዝ ሰጠው። ተጫዋቹ በወረቀት ወታደር ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ በተግባር ግን ግማሽ ሙያተኛ ሆነ።

ውጤቱ ወዲያው በውድድሩ መዝገብ ላይ ታየ። ከ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የጦር ሠራዊቱ ቡድን መቻል ደጋግሞ አሸናፊ ሆነ። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተቀላቀለች በኋላ ደግሞ ከዚያ የመጡት ሐማሴን፥ አካለ ጉዛይና ቴሌ በየተራ ዋንጫውን ወሰዱ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1965 ባሉት 6 ዓመታት ሻምፒዮንነቱ ከድሬዳዋ አልወጣም፤ የጥጥ ፋብሪካውና የሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድኖች ተፈራረቁበት።

ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ሻምፒዮንነት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ ሁለተኛውን ለማግኘት እስከ 1966 ድረስ 16 ዓመት ጠበቀ። በ16 ዓመት ውስጥ በመጀመሪያው ድል የተወለደ ሕፃን ጐልምሶ ለዋናው ቡድን ለመሰለፍ ይደርሳል። ብዙ ማኅበር በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ ተስፋ ቈርጦ በተበተነ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ ያልተበተነበትን ምክንያት ስንፈልግ የምናገኘው ያንኑ የጥንቱን ነገር ነው። ፋብሪካው ቡድኑን የሚይዘው ትርፉና የሥራ አስኪያጁ ፈቃድ እስካለ ድረስ ነው። የሰፈር ክለብ ግን ሽንፈትን እንደ ቤተ ሰብ ሐዘን ተካፍሎ በሚቀጥለው እሑድ ተመልሶ የሚመጣ ደጋፊ አለው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት በዚህ ስፍራ እውነት ሆኖ ተገኘ።

፭. የድል ዘመን

ዋንጫ በራቀበት በዚያ ዘመን እንኳ ክለቡ ለአገር የሚሆን ሰው ማፍራቱን አላቋረጠም። በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የተባበረችውን የዓረብ ሪፐብሊክ፥ ማለት ግብፅን፥ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ከ5 ዓመት በፊት በካርቱም በተደረገው በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ይህችው ግብፅ 4 ለ 0 አሸንፋን ስለ ነበረ፥ ደስታው የቂም መወጫም ነበረ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። የመጨረሻዋን፥ ድሉን ያጸናችውን አራተኛ ጎል ያገባው ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ነበረ።

የመንግሥቱ ወርቁ ስም ከዚያ ወዲህ በየሰፈሩ ሜዳ ሁሉ ተጠራ። በጨርቅ ኳስ የሚጫወት ልጅ ሁሉ መንግሥቱን ነኝ ይል ጀመር። የአንድ ክለብ ሀብት በሣጥኑ ካለው ገንዘብ ይልቅ በልጆች ልብ ውስጥ ያለው ስሙ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም፤ ነገ ተጫዋች የሚሆነው ዛሬ በስሙ የሚጫወተው ልጅ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1966 ክለቡ 16 ዓመት የጠበቀውን ድል አገኘ፤ በ1967ና በ1968ም ደገመው። ከጦሩ፥ ከፋብሪካዎቹና ከአስመራ ቡድኖች ጋር ተወዳድሮ ለ3 ዓመት ተከታትሎ ሻምፒዮን መሆን ለአንድ ከሰፈር ለተነሣ ክለብ ቀላል ነገር አልነበረም።

፮. ስሙ ዳግመኛ ሲለወጥ

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የአገሪቱ አደረጃጀት ከሥሩ ሲለወጥ ስፖርቱም አብሮ ተለወጠ። ክለቦች በመሥሪያ ቤቶች፥ በፋብሪካዎችና በጦር ክፍሎች ሥር እንዲሆኑ ተደረገ፤ የጥንት ስማቸውም ለዘመኑ አስተሳሰብ እንዲስማማ ታረመ። የታቦት ስም የያዘ ክለብ ከዚህ እርማት ሊያመልጥ አልቻለም። ቡድኑ በቢራ ፋብሪካ ስም እንዲጠራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1985፥ በ1986ና በ1987 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ተብሎ በመዝገብ የተጻፈው ቢራ የሚለው ስም ነው።

ይህ ሁለተኛው የስም ለውጥ ከመጀመሪያው ጋር የሚመሳሰልበትም የሚለይበትም ነገር አለው። የመጀመሪያው በባዕድ ወራሪ እጅ የመጣ ውርደት ነበረ። ሁለተኛው በገዛ መንግሥት ውሳኔ የመጣ ሲሆን፥ ስም ቢነሣም እንጀራ ሰጥቶአል፤ ከፋብሪካው ጋር መያያዙ ቡድኑ እንዳይበተን ረድቶታል። እውነተኛ ታሪክ ጸሐፊ ሁለቱንም ሊናገር ይገባዋል። ስሙ ግን በሕዝቡ አፍ አልሞተም፤ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚለው መጠሪያ ሲመለስ ለደጋፊው አዲስ ስም ማስተማር አላስፈለገም።

፯. ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ከዚያ ወዲህ ክለቡ ከማንኛውም የኢትዮጵያ ክለብ በላይ ሻምፒዮን ለመሆን በቅቶአል፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም በአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና ከምድብ ውድድር ደረሰ። ነገር ግን ይህ ጽሑፍ የተነሣበት ጥያቄ ስለ ታላላቆች ስላልሆነ ወደ እርሱ እንመለስ።

በመጀመሪያው ሻምፒዮና ከተወዳደሩት ከ5ቱ ቡድኖች እስከ ዛሬ በአገሪቱ ከፍተኛ ውድድር የምናገኘው ቅዱስ ጊዮርጊስን ብቻ ነው። የእንግሊዙ ልዑክ ሲሄድ ቡድኑ አብሮ ሄደ። የውጭ አገር ሰዎች ማኅበሮች ሲሳሱ ቡድኖቻቸው ከመድረኩ ወረዱ። 6 ዓመት የነገሡት የድሬዳዋ ፋብሪካዎች ቡድኖችም ያንን ዘመናቸውን መልሰው አላዩትም። ይህ ማለት በመሥሪያ ቤት የተያዘ ክለብ ሁሉ ይጠፋል ማለት እንዳይመስል፥ የጦሩ ቡድን መቻል ስሙ እየተለዋወጠ ቢሆንም እስከ ዛሬ መኖሩን መመስከር ይገባል። ሆኖም አደጋው ያለው በዚያው ወገን ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ከፕሪምየር ሊግ በወረደ ጊዜ ባንኩ አፈረሰው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና አቋቋመውና እ.ኤ.አ. በ2024 ሻምፒዮን ሆነ። በአንድ ውሳኔ የሚፈርስና በአንድ ውሳኔ የሚቆም ክለብ ምን ያህል ብርቱ ቢሆን ዕድሜው በባለቤቱ ፊርማ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የዛሬውም የእግር ኳሳችን ሁኔታ ከዚህ የራቀ አይደለም። ፕሪምየር ሊጉ ከተጀመረበት ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ አብዛኞቹ ክለቦች የሚኖሩት በመንግሥት መሥሪያ ቤት፥ በከተማ አስተዳደር ወይም በክፍለ ከተማ በጀት ነው። የተጫዋቾች ዋጋ እየናረ ሄዶ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ለአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ 50,000 ብር ጣሪያ እንዲደረግ እስከ መስማማት ተደርሶ ነበር። በጀት የሚበዛበት ዓመት አለ፤ የሚቀነስበትም ዓመት አለ። በጀቱ ሲቀነስ «ይህ ክለብ የእኔ ነው» ብሎ ከኪሱ የሚያወጣ ሕዝብ ካልተገኘ፥ ቡድኑ በጸጥታ ይበተናል፤ ተጫዋቹም ታኬታውን በሻንጣው ይዞ ሌላ በር ሊያንኳኳ ይሄዳል።

እንግዲህ የጥያቄያችን መልስ ሁለት ወገን አለው። ሕዝብ የሌለው ክለብ ስሩ በውኃ ላይ ነው፤ እንጀራ የሌለው ክለብ ደግሞ ልጆቹን አሳድጎ ለሰው ይሰጣል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በወረራው ዘመን የኖረው በሕዝቡ ነው፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ሕዝቡም እንጀራውም ረድተውታል። ሁለቱን ማስማማት የሚቻለው የክለብ ባለቤትነት ከበጀት ሰጪው ጋር ለአባላቱና ለደጋፊዎቹ ሲከፈል፥ መዋጮውም በደንብ በመዝገብ ሲያዝ ነው። ይህም ለአራዳ ልጆች በ1928 ዓ.ም. የታወቀ ነገር ነበረ።

ከሕዝብና ከእንጀራ ሌላ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ሜዳ ነው። የአራዳ ልጆች በዚያ ዘመን ብዙ ነገር ቢጎድላቸውም አዲስ አበባ ገና ሰፊ ነበረችና የሚሮጡበት ሜዳ አላጡም። ዛሬ በኮልፌም ሆነ በሌላው ሰፈር ባዶ ቦታ በየጊዜው ለቤትና ለመንገድ ይውላል። ቤትም መንገድም ያስፈልጋል፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን በፕላን ላይ አረንጓዴ ሆና የተቀባች አንዲት ቁራሽ መሬት ስትሰረዝ የሚሰረዘው ምን እንደ ሆነ እስክሪብቶውን የያዘው ሹም ሊያስብበት ይገባል። መምህሩም ከትምህርት ሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱን ሜዳ በር ሲቈልፍ፥ የአቶ ይድነቃቸውን ትምህርት ቤት ማስታወሱ መልካም ነው። ተማሪውም ቢሆን የመዋጮ ደብተር መያዝ ኳስ ከመምታት ያላነሰ ቁም ነገር መሆኑን ይወቅ።

በ18 ማዞሪያ ጨዋታው አልቆ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ፥ ልጆቹ ድንጋዮቹን ለሚቀጥለው እሑድ ከአጥሩ ሥር አስጠግተው ያስቀምጣሉ። ከእነርሱ መካከል መንግሥቱ ወርቁን የሚያህል ይኖር ይሆናል፤ አየለ አትናሽንና ጆርጅ ዱካስን የሚያህሉ ግን መኖራቸው አያጠራጥርም፤ ደብተሩን የያዘው ልጅ ምስክር ነው። የሚቀጥለው እሑድ ሲመጣ ሜዳይቱን በስፍራዋ እንዲያገኙአት ማድረግ ግን የእነርሱ ሳይሆን የእኛ የትልልቆቹ ሥራ ነው።